የአያታችሁን የሕይወት ታሪክ ለአርባዋ ለማድረስ፦ ከስም ማጣራት እስከ ማሳተም

"አያቴ አረፈች። የሕይወት ታሪኳን አንተ ጻፍ ተባልኩ። ከየት ልጀምር?"

ይህ ጥያቄ በተደጋጋሚ ይደርሰኛል። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ማታ ነው፤ ጠያቂው ልቅሶ ቤት ጥግ ላይ ተቀምጦ፣ ስልኩን ይዞ፣ ቀብሩ ነገ ሆኖ። ለእያንዳንዱ እየደጋገምኩ ከምጽፍ ሁሉንም እዚህ ላስቀምጠው።

የእኔ አያት የደብረ ሲና ሰው ነበረች። ቀብሯ ላይ የተነበበውን ታሪክ በአንድ ሌሊት ጻፍኩት። የተወለደችበትን ዓመት ተሳሳትኩ። በሕፃንነቱ የሞተባትን የመጀመሪያ ልጇን ደግሞ ጨርሶ ዘለልኩት። ሲነበብ እናቴ ሰምታ አንገቷን ደፋች፤ አንድም ቃል አልተናገረችኝም። ለአርባዋ እንደገና ጻፍኩት። ከዚህ በታች ያለው በእነዚያ 40 ቀናት የተማርኩት ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ለዚህ ሥራ ብቻ የሚውል አንድ ደብተርና እስክሪብቶ
- እርሳስ (ፎቶ ጀርባ ላይ ለመጻፍ፤ ለምን እንደሆነ በኋላ እነግራችኋለሁ)
- ድምፅ የሚቀዳ ስልክና ቻርጀር። በትንሽ ከተማ መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ፓወር ባንክ ካላችሁ ያዙ
- ነጭ ወረቀት ወይም ነጭ ጨርቅ፣ ጥቂት ባዶ ፖስታዎች
- የአያታችሁ መታወቂያ፣ የዕድር ደብተር፣ የክርስትና ካርድ ካለ፣ ማናቸውም አሮጌ ወረቀቶች
- ቡናና ስኳር። ሽማግሌ ቤት ባዶ እጅ አይኬድም፤ ደግሞም ወሬው የሚመጣው ቡናው ላይ ነው
- አንድ ረዳት፤ ቢቻል ከተማው ውስጥ ያደገ፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው

1. የትኛውን እንደምትጽፉ ለዩ

ሁለት የተለያዩ ጽሑፎች ናቸው። ለቀብር የሚነበበው አንድ ገጽ ነው። ለአርባዋ ወይም ለሙት ዓመቷ የሚዘጋጀው ግን ትንሽ መጽሔት ሊሆን ይችላል።

የቀብሩን ከ3 ደቂቃ በላይ አታድርጉት። ሰው ፀሐይ ላይ ቆሟል፤ ካህናቱ ፍትሐቱን ጨርሰዋል፤ እናታችሁ በሁለት ሰው ተደግፋ ነው የቆመችው። ስም፣ የተወለዱበት ቦታና ዘመን፣ ወላጆች፣ ትዳር፣ ልጆች፣ ሥራ፣ ሲታመሙ ላስታመሙ ምስጋና። ይበቃል። ከመነበቡ በፊት አንድ ጊዜ ድምፅ አውጥታችሁ በሰዓት ለኩት።

የተቀረውን ለአርባው አቆዩት። በመጀመሪያው ሌሊት ሁሉንም ለመጻፍ የሞከረ ሰው እንደኔ ይሳሳታል። ቤተሰቡ ሙስሊም ከሆነ ቀብሩ ቶሎ ስለሚፈጸም የሚነበብ ነገር ላይኖር ይችላል። ያኔ ከ2ኛው ተራ ጀምራችሁ ለቤተሰብ የሚቀመጠውን ብቻ አዘጋጁ፤ አሠራሩ ያው ነው።

2. ስሞቿን በሙሉ ሰብስቡ

አንዲት አያት ብዙ ጊዜ ከሦስት ያላነሰ ስም አላት። የመዝገብ ስሟ፣ የክርስትና ስሟ፣ ጎረቤት የሚጠራት የቤት ስም፣ የልጅ ልጅ ያወጣላት ስም። ሁሉም ያስፈልጋሉ። ምክንያቱም በመታወቂያው ስም ብቻ ከጻፋችሁ ግማሹ የከተማ ሰው ማን እንደሞተች እንኳን ላያውቅ ነው። የክርስትና ስሟን ደግሞ ካህናቱ ለጸሎቱ ይጠይቋችኋል።

የክርስትና ስሟን ቤት ውስጥ የሚያውቅ ከጠፋ የንስሐ አባቷን ጠይቁ። እሳቸው ከሌሉ የክርስትና እናቷን ቤተሰብ ፈልጉ። ቆብ ጭነው ከነበረ ማዕረጋቸው "እማሆይ" ነው፤ ስማቸውም አብሮ ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል አጣሩ።

አጻጻፉንም ወስኑ። "ኃይሌ" ነው "ሐይሌ"? "ዓለሚቱ" ነው "አለሚቱ"? ልጆቿ የሚጽፉበትን ፊደል ያዙና እስከ መጨረሻው አትቀያይሩ።

3. የልደት ዘመኗን አጣሩ

ብዙ ስሕተት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ጊዜ ስጡት።

መታወቂያ ላይ ያለውን ዓመት ሳታጣሩ አትቀበሉ። ያን ዓመት ብዙ ጊዜ የጻፈው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ሰው በግምት ነው። የአያቴ መታወቂያ 1930 ይላል። እሷ ግን በሕይወት ሳለች ትል የነበረው፣ በታላቅ እህቷም የተረጋገጠው "ጃንሆይ በገቡ በዓመቱ፣ በማርቆስ" ነው።

ይህን ወደ ቁጥር መቀየር ቀላል ነው። ጃንሆይ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ነው። በዓመቱ ማለት 1934። ማርቆስ መሆኑን ለማየት ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍሉት። ቀሪው 1 ከሆነ ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ ነው፤ ቀሪ ከሌለው ዮሐንስ ነው። 1934 ለ4 ሲካፈል 2 ይተርፋል። ማርቆስ። ሁለቱ ተገጣጠሙ፤ ዓመቱ ተገኘ። ወንጌላዊውን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ብዙ ናቸው፤ የሚጠይቃቸው ነው የጠፋው።

ወንጌላዊውን የሚያስታውስ ከሌለ ከታወቁ ዘመናት ጋር አስተያዩት። ጥያቄው "መቼ ተወለደች?" ሳይሆን "ይህ ሲሆን የት ነበረች? ምን ታክል ነበረች?" ይሁን።

- የጣሊያን ወረራ፦ ከ1928 እስከ 1933። ለደብረ ሲና ሰው "የጣርማበር ዋሻ ሲቆፈር ተወልዳለች?" ማለት ይቀላል፤ ዋሻውን ያስቆፈረው ጣሊያን በእነዚያ ዓመታት ነው። በየከተማው እንዲህ ያለ ድልድይ፣ መንገድ ወይም ቤተ ክርስቲያን አይጠፋም
- የታኅሣሥ ግርግር፦ 1953
- የወሎ ረሃብ፦ 1965 እና 1966
- ንጉሡ የወረዱበት፦ መስከረም 2 ቀን 1967
- የገጠር መሬት አዋጅ፦ የካቲት 25 ቀን 1967
- የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረበት፦ 1971። ብዙ አያቶች ስማቸውን መጻፍ የተማሩት በዚህ ዘመቻ ስለሆነ ትልቅ ምልክት ነው
- ድርቁና ረሃቡ፦ 1977
- ኢሕአዴግ አዲስ አበባ የገባበት፦ ግንቦት 20 ቀን 1983

ቀኑን ከፈለጋችሁ በታቦት ጠይቁ። "በአቦ ቀን ነው የተወለደችው" ካሏችሁ 5 ነው። ሚካኤል 12፣ ኪዳነ ምሕረት 16፣ ገብርኤል 19፣ ማርያም 21፣ ጊዮርጊስ 23፣ መድኃኔዓለም 27።

ውጭ አገር ያሉ ዘመዶች በፈረንጅ አቆጣጠር ከነገሯችሁ፣ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ 7 ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ቀንሱ። ጽሑፉን ከዳር እስከ ዳር በአንድ አቆጣጠር ብቻ ጻፉ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሒሳቡን ስታሰሉ በ14 ዓመቷ ወልዳ ልታገኟት ትችላላችሁ። ዕድሜዋን ጨምራችሁ አታስተካክሉ፤ እውነቱ እሱ ሊሆን ይችላል። ቤተሰቡ እንዲነበብ ካልፈለገ የጋብቻ ዕድሜዋን ተዉት። የሐሰት ቁጥር ግን አታስገቡ።

4. ወደ ሰዎቹ ሂዱ

የአያታችሁ ታሪክ ያለው ቤታችሁ ውስጥ ብቻ አይደለም። እናንተ የምታውቁት ያረጀችዋን ነው። የ20 ዓመቷን ልጅ የሚያውቋት ጎረቤቶቿ፣ የዕድርና የማኅበር ጓደኞቿ፣ ገበያ አብረዋት የተቀመጡ ሴቶች ናቸው። ስለዚህ ቢያንስ ከአምስት ሰው ጋር ተቀመጡ፤ ከአምስቱም ሁለቱ ከዘመድ ውጭ ይሁኑ።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ተዉ። እስከ ሠልስቱ ሰው እያለቀሰ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ልቅሶ ሊደርስ ከሩቅ የሚመጣ አለ፤ ያን ሰው ዳግም ላታገኙት ትችላላችሁና ሳይሄድ ግማሽ ሰዓት ለምኑት።

ስትቀዱ እንዲህ አድርጉ፦

ሀ) ፈቃድ ጠይቁ። "እማማ፣ እንዳልረሳው በስልክ ልቅዳው?" በሏቸው። ተደብቃችሁ አትቅዱ፤ ኋላ የሰሙ ዕለት ይቀየሟችኋል፣ ሌላውም ሰው አይነግራችሁም።

ለ) ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት። ካልሆነ መሐል ላይ ይደወልና ቀረጻው ይቋረጣል።

ሐ) ስልኩን የታጠፈ ነጠላ ላይ አስቀምጡት። ባዶ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ የሲኒው ኳኳታ ድምፁን ይውጠዋል። ቡና እየተወቀጠ አትጀምሩ።

መ) መጀመሪያ ቀኑን፣ ቦታውንና የተናጋሪውን ስም ራሳችሁ ተናገሩ። ከዓመት በኋላ ማን እንደተናገረ ትረሳላችሁ።

ሠ) ዝም ሲሉ ዝም በሉ። ሽማግሌ ዝም ሲል ጨረሰ ማለት አይደለም። እኔ ካገኘሁት ደህና ደህናው ነገር የመጣው ከዝምታ በኋላ ነው።

"እንዴት ያለች ሴት ነበረች?" ብላችሁ አትጠይቁ። "ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ እንግዳ ተቀባይ" ይሏችኋል፤ ይህ ለማንኛዋም አያት ይባላል። የሠራችውን ጠይቁ። ጠዋት መጀመሪያ የምትነካው ነገር ምን ነበር? ገበያ የት ነበር የምትቀመጠው? ከማን ጋር ተጣልታ ማን አስታረቃት? ሲከፋት ምን ታደርግ ነበር?

እኔ አያቴ ቆሎ ትሸጥ እንደነበር አውቅ ነበር። ይኸው ነው የማውቀው። አንድ የድሮ የአውቶብስ ረዳት፣ አሁን ሸምግለዋል፣ የነገሩኝ ግን ይህ ነው። ጣርማበርን ወርደው ደብረ ሲና ሲቆሙ ሴቶቹ ጣሳቸውን ይዘው ወደ መስኮቱ ይሮጣሉ። እሷ አትሮጥም። ቆማ ትጠብቃለች። ገዢው ወርዶ ይመጣል፤ ምክንያቱም ጣሳውን ሞልታ ከገለበጠች በኋላ እጇን ከቁናው ታስገባና አንድ ጭብጥ ምርቃት ትጨምራለች። ብሩን መቀነቷ ውስጥ ቋጥራ "በሰላም ያግባችሁ" ትላለች። ረዳቱ ይህን ሲነግሩኝ ጭብጡን በእጃቸው አሳዩኝ። ጣታቸው እንዴት እንደተጠፈነገ አሁንም ይታየኛል።

ታዲያ ጽሑፉ ላይ "ቸር ነበሩ" ብዬ አልጻፍኩም። "ከጣሳው ላይ አንድ ጭብጥ ምርቃት ሳይጨምሩ ቆሎ ሸጠው አያውቁም" ብዬ ጻፍኩ። ሲነበብ የደብረ ሲና ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ።

ውጭ ያሉትን አትርሱ። ቤሩት ወይም ዱባይ ያለችውን አክስት በኢሞ፣ አሜሪካ ያለውን አጎት በዋትሳፕ ጠይቁ። ሥራ ላይ ስለሚሆኑ "ሲመቻችሁ በድምፅ ላኩልኝ" በሏቸውና አንድ ጥያቄ ብቻ ላኩ። አሥር ጥያቄ የተላከለት ሰው አይመልስም።

5. ፎቶዎቹንና ወረቀቶቹን አንሱ

ፎቶውን ነጭ ወረቀት ላይ አድርጋችሁ፣ በቀን ብርሃን፣ መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ አንሱት። ፍላሽ አሮጌ ፎቶ ላይ ነጭ ነጥብ ይተዋል። ስልኩን ቀጥ አድርጋችሁ ከላይ ያዙት፤ ካዘመመ ፊቷ ይረዝማል።

ከመስታወት ጋር የተጣበቀ ፎቶ ካለ አትላጡት። ወረቀቱ ይገነጠላል፣ ፊቷም መስታወቱ ላይ ይቀራል። ከነመስታወቱ፣ ትንሽ ከጎን ሆናችሁ አንሱት።

ማን እንደሆነ ሽማግሌ ሲነግራችሁ ወዲያው ጀርባው ላይ በእርሳስ፣ ሳትጫኑ ጻፉ። እስክሪብቶ ወደ ፊት ያልፋል፤ ቀለሙም ሌላውን ፎቶ ያበላሻል።

ለዘመድ በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት። እንደ ፎቶ ከተላከ ጥራቱ ይቀንስና ሲታተም ይደበዝዛል።

ዕቃዎቿንም አንሱ። ምጣዱን፣ መቀነቷን፣ ረከቦቷን። እያንዳንዱ ዕቃ ማን ጋ እንደሄደ ደብተሩ ላይ ጻፉ፤ ዕቃ ከተከፋፈለ በኋላ ዳግም አንድ ቤት አይሰበሰብም።

6. ጻፉት

መጀመሪያ አንቱታውን ወስኑ። ቤት ውስጥ "አንቺ" ብላችሁ ያደጋችሁ ትሆናላችሁ፤ እኔም እንደዚያ ነኝ። ሰው ፊት ለሚነበበው ግን "እሳቸው" ይሻላል፤ የሚሰሙት እኩዮቿና ካህናቱም ናቸው። መጥፎው መቀላቀሉ ነው። አንዱ መስመር ላይ "ተወለዱ"፣ ቀጥሎ "አገባች" ከሆነ ጆሮ ይጎረብጠዋል። ስትጨርሱ ግሱን ብቻ እየተከተላችሁ አንድ ጊዜ እንደገና አንብቡት።

ቅደም ተከተሉ ይህ ቢሆን ይመቻል፦ ስሞቿ፣ ልደቷና ወላጆቿ፣ ልጅነቷ፣ ትዳሯ፣ ልጆቿ፣ ሥራዋ፣ ከተማው ውስጥ የነበራት ቦታ፣ ሕመሟና ዕረፍቷ፣ ምስጋና። ሥራዋን አስፉት። ትንሽ ከተማ ውስጥ ሰው የሚታወሰው በእጁ ነው።

የሞቱ ልጆቿን አትዝለሉ። "ዘጠኝ ወልደው ስድስት አሳድገዋል" ማለት አንድ መስመር ነው። ያን መስመር ግን የሚጠብቁ ሰዎች እዚያ አሉ።

ከአፏ የማይጠፋ ንግግር ካለ እንዳለ፣ በራሷ ቃል አስገቡት። አታሳምሩት።

7. ለሦስት ሰዎች አንብቡላቸው

ከማሳተማችሁ በፊት ለታላቅ ልጇ፣ ለእኩያዋና ለአንድ ጎረቤት ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡላቸው። ስጡና ያንብቡት አትበሉ፤ ዓይናቸው ይደክማል፣ "ጥሩ ነው" ብለው ይመልሱላችኋል። ሲሰሙ ግን ያቋርጧችኋል፤ የምትፈልጉት እሱን ነው። እኔ የመንደሩን ስም የተሳሳትኩት በዚህ ነው የታረመው።

ማስጠንቀቂያ

- የመሬትና የውርስ ነገር ጽሑፉ ውስጥ አይግባ። አንድ ዓረፍተ ነገር የቤተሰብ ጠብ ሊያስነሳ፣ ክርክር ካለም ማስረጃ ተብሎ ሊቀርብ ይችላል።
- በምሥጢር የተነገራችሁን፣ ለምሳሌ ተጠልፋ እንደተዳረች ወይም የአንድ ልጅ አባት ሌላ መሆኑን፣ ልጆቿ ሳይስማሙ አትጻፉ። ቀረጻውን ለብቻው አስቀምጡ።
- የመታወቂያዋንና የባንክ ደብተሯን ፎቶ ለማንም አትላኩ፣ አታሳትሙም።
- ዋናውን ፎቶ ለማተሚያ ቤት አትስጡ። አንድ ቦታ ሰጥቼ የአያቴን የሠርግ ዘመን ብቸኛ ፎቶ አጥተውብኛል፤ የቀረን ቀድሜ በስልክ ያነሳሁት ነው።

8. አሳትሙት

የገጹ ብዛት ለ4 የሚካፈል ይሁን፤ 8፣ 12 ወይም 16። አንድ ኤ4 ወረቀት ለሁለት ሲታጠፍ 4 ገጽ ስለሚወጣው ነው። ፊደሉን 14 አድርጉት፤ አንባቢዎቹ አዛውንት ናቸው። ፋይሉን በፒዲኤፍ ስጡ፤ በዎርድ ከሰጣችሁና ኮምፒውተሩ ላይ የእናንተ ፎንት ከሌለ ጽሑፉ ሊበላሽ ወይም ወደ ሣጥን ሊቀየር ይችላል። አንድ ናሙና አሳትማችሁ እዩ፣ ከዚያ የቀረውን እዘዙ። ከአርባው ቢያንስ ከአምስት ቀን በፊት አስገቡ።

መጨረሻ ላይ ሁለት ባዶ ገጽ ተዉ። አርባው ላይ ሰው አንብቦ "ይህን እኮ ረስታችኋል" ይላል፤ እዚያው ይጻፍበታል።

ሰዎች የሚሳሳቱባቸው

ብዙ ጊዜ የማየው የልጆችን ዲግሪና ሥራ መዘርዘር ነው። ታሪኩ የእሷ ነው፤ የልጆቿ ስም ይበቃል። ሌላው፣ ምስጋና ላይ ስም መጥራት ተጀምሮ ያስታመመችው ጎረቤት ስትረሳ ነው። ስሞቹን ቀድማችሁ በዝርዝር ያዙ። ሦስተኛው፣ ቀረጻውን አንድ ስልክ ላይ ብቻ መተው ነው። ያን ዕለቱኑ ለሁለት ዘመድ ላኩት፤ ስልክ ይሰረቃል፣ ይሰበራል።

አንዳንዶቻችሁ ይህን የምታነቡት አያታችሁ በሕይወት እያለች ይሆናል። ያን ያህል ሰው መጠየቅ ላያስፈልጋችሁ ነው፤ 4ኛውን ተራ ለእሷው አድርጉት። የፊታችን እሑድ ሂዱ፣ ቡናው ይፈላ፣ ስልኩን ነጠላው ላይ አስቀምጡና ከቀላሉ ጀምሩ፦ "ስምሽን ማን አወጣልሽ?"